ፑኔ ለትምህርት ልሄድ ነው፤ ቤት የምከራየው ከከተማው ዳር ነው ወይስ ከትምህርት ተቋሙ አጠገብ?

የኮየ ፈጬዋ

የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፣ በሕንድ አገር ማሃራሽትራ ግዛት ውስጥ በምትገኘው በፑኔ ከተማ የሦስተኛ ዲግሪ ትምህርት ለመከታተል ቦታ አግኝቻለሁ፤ ባለቤቴንና ገና ትምህርት ቤት ያልገባች ልጃችንን ይዤ ለመሄድም እየተዘጋጀሁ ነው። ስለ ቪዛውና ስለ ትምህርቱ የሚነግረኝ ሰው አላጣሁም። የቸገረኝ የኑሮው ነገር ነው፤ በተለይም ቤቱ።

አሁን የምንኖረው በኮየ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ከከተማ ዳር መኖር ምን ማለት እንደሆነ እዚህ ላለ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፦ ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ የታክሲ ሰልፍ መያዝ፣ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ሌሊት ነቅቶ ሮቶውን መሙላት፣ ከአስፋልቱ እስከ ብሎኩ ባጃጅ መጠበቅ፣ ማታ ደግሞ ልጅ ከተኛች በኋላ ቤት መድረስ። ስለ ፑኔ ስጠይቅ የማገኘው መልስ ይህንኑ ኑሮ የሚያስታውስ ሆነብኝ። በትምህርት ተቋሙ አካባቢ የሚገኘው ቤት ጠባብና ውድ ነው፤ ዋጎሊን ወደመሳሰሉት የዳር ሰፈሮች ሲወጡ ግን በዚያው ገንዘብ አሳንሰርና የልጆች መጫወቻ ባለው ግቢ ውስጥ ሰፊ ቤት ይገኛል ይባላል። ባለቤቴ ሰፊውን ቤት ይመርጣል፤ እኔ ግን ከአንድ ከተማ ዳር ወጥቼ ሌላ ከተማ ዳር ለመግባት ልቤ አልፈቀደም።

እዚያ የኖራችሁ ወይም የተመላለሳችሁ፣ ይህን እንዴት ተወጣችሁት? ከአከራዮች ጋር መነጋገሩ፣ ትንሽ ልጅ ይዞ በባቡር መጓዙ፣ የለመድነውን ምግብ ማብሰሉ ምን ይመስላል? አስጎብኚ የሚናገረውን ሳይሆን የአዘቦቱን ቀን ኑሮ ብትነግሩኝ እወዳለሁ።

ከቱሉ ዲምቱ

እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። በባለቤቴ ሥራ ምክንያት ጥቂት ዓመታት በፑኔ ምሥራቃዊ ዳርቻ ኖረን ተመልሰናል፤ ስለዚህ የሁለቱንም ከተሞች ዳር ከሚያውቁት ወገን ነኝ። «መሃል ወይስ ዳር» የሚለው ጥያቄ በዚያ ከተማ ብዙ አያስኬድም። ቤት ስትመርጪ ክፍሎቹን ከማየትሽ በፊት ውሃው ከየት እንደሚመጣ፣ በእግር የሚደረስበት አውቶቡስ ወይም ሜትሮ የሚሉት የከተማ ባቡር መኖሩን፣ የግቢው ነዋሪዎች ማኅበርም የውጭ አገር ተከራይ ይቀበል እንደሆነ ጠይቂ።

ከውሃው ልጀምር። በዋጎሊና በመሳሰሉት አዳዲስ ሰፈሮች የከተማው የቧንቧ መስመር ከሕንፃዎቹ ግንባታ ጋር እኩል መራመድ ስላልቻለ፣ በርካታ ግቢዎች የሚጠቀሙት በቦቴ የሚመጣ ውሃ ነው። ይህን ስትሰሚ አትደንግጪ፤ ጀሪካን ይዞ የሚሯሯጥ ነዋሪ በግቢው ውስጥ አታዪም። ሶሳይቲ የሚሉት የነዋሪዎች ማኅበር ቦቴውን ተዋውሎ ያስመጣል፤ ውሃው ከመሬት በታች ወዳለው ማጠራቀሚያ ገብቶ በፓምፕ ወደ ጣሪያ ይወጣል፤ ወጪውም በወርሃዊው መዋጮ ላይ ይደመራል። ችግሩ የሚሰማው ዝናቡ ከመግባቱ በፊት፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው የሙቀት ወቅት ነው፤ ያኔ ማኅበሩ ውሃ የሚለቀቅበትን ሰዓት ሊወስን፣ መዋጮውንም ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ ደላላው ስለ መዋኛ ገንዳው ሲያወራሽ አንቺ ስለ ቦቴው ጠይቂው። ለኮየ ፈጬ ሰው ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም፤ የሚከብደው ቦሌ ቪላ ውስጥ ላደገ ሰው ነው።

የኪራይ ውሉ አብዛኛውን ጊዜ የ11 ወር ነው። ልማዱ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1908 የወጣው የምዝገባ ሕግ ከዓመት ያነሰ ኪራይ እንዲመዘገብ ስለማያስገድድ ነው፤ ማሃራሽትራ ግን እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣችው የኪራይ ሕግ የ11 ወሩም ውል ቢሆን በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ ታስገድዳለች። አከራዩ «እንተማመን፣ ወረቀቱ ይቆየን» ቢልሽ እሺ አትበይ፤ ከ180 ቀን በላይ በሆነ የተማሪ ቪዛ የገባ ሰው በደረሰ በ14 ቀን ውስጥ በውጭ ዜጎች መመዝገቢያ መሥሪያ ቤት በኢንተርኔት መመዝገብ አለበት፣ ለዚያም የአድራሻ ማስረጃ ይጠየቃል። አከራዩም በበኩሉ የውጭ አገር ሰው ቤቱ ማስገባቱን ለመንግሥት የማሳወቅ ግዴታ አለበት። አንዳንዱ ይህን ጣጣ ሽሽት ፓስፖርትሽን ገና ሲያይ ቤቱ ተይዟል ይልሻል።

ሁሉም ግን በወረቀት የሚያመካኝ አይደለም። መልካችንን አይቶ ፊቱን የሚያዞር አከራይ አለ፤ ይህን ለማለሳለስ አልፈልግም፣ ምክንያቱም ሳይነገራቸው የሄዱ ሰዎች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቅስማቸው ሲሰበር አይቻለሁ። ሌላው ጥያቄ ሥጋ ትበላላችሁ ወይ የሚል ነው። በሃይማኖቱ ሥጋ የማይቀምስ ባለቤት ወጥ ቤቱ ውስጥ ሥጋ እንዲበስል አይፈቅድም፣ አንዳንዱ ግቢ እንዳለ እንዲህ ያለ ነው። በዓመቱ ውስጥ ስንት ቀን እንደምንጾም ስነግራቸው የሚገረሙ ነበሩ፤ አንዲት አከራይ በዚሁ ምክንያት ቤቷን ልታከራየን ፈቀደች። ነገር ግን ፋሲካ ሲደርስ ዶሮ መሥራትሽ የማይቀር ስለሆነ፣ እውነቱን ተናግረሽ የሚቀበልሽን ቤት መፈለጉ ይሻላል።

ስለ መጓጓዣው ባጭሩ፦ ፑኔ ሜትሮ እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ ጀምሮ አሁን ሁለት መስመር አለው፤ ከአንዱ ጣቢያ በባጃጅ የሚደረስ ቤት ካገኘሽ ዳር መኖሩ ዳር መኖር አይሆንብሽም። ባጃጁ ቆጣሪ ስላለው በየጠዋቱ በዋጋ አትጨቃጨቂም፣ ቢያንስ በሕጉ። (በነገራችን ላይ የባጃጅ ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤት እዚያው ፑኔ፣ አኩርዲ በሚባል ሰፈር ነው። ባለ ሦስት እግሮቹ የሚሠሩበት የዋሉጅ ፋብሪካ ያለው ደግሞ ዛሬ ቻትራፓቲ ሳምባጂናጋር በምትባለው በአውራንጋባድ አጠገብ ሲሆን፣ ያችን ከተማ ኻድኪ በሚል ስም እ.ኤ.አ. በ1610 የቆረቆራት ከአገራችን በባርነት ተወስዶ ደካን በሚባለው የሕንድ ደጋማ ምድር የጦር አዛዥና ባለሥልጣን የሆነው ማሊክ አምባር ነው። ኮየ ፈጬ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።)

የለቡው

ጤና ይስጥልኝ። የተማርኩት በደቡብ ምሥራቅ ጠረፍ በቪሻካፓትናም በሚገኘው በአንድራ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ በዚያ ብዙ ኢትዮጵያውያን ተምረዋል፣ ስለዚህም ብቸኝነቱ እንደ ሌላው ከተማ አልከበደኝም። ከላይ የጻፉት እህት ስለ ውሃውና ስለ ውሉ የተናገሩት ትክክል ነው። የማልስማማው ግን ቤቱ ከወዲሁ ሊመረጥ ይችላል በሚመስለው ነገር ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ሆነው በፎቶግራፍ ያዩትን ቤት ቀብድ ከፍለው አይያዙ። ትምህርት ተቋምዎ የእንግዳ ማረፊያ እንዳለው ይጠይቁ፤ ካለው እዚያ ይረፉ፣ ከሌለውም አጠገቡ አነስ ያለች ነገር ለአጭር ጊዜ ይከራዩና ቤቱን በእግርዎ ዞረው፣ ጠዋትም ማታም አይተው ይምረጡ። የመንገዱ መጨናነቅ በካርታ ላይ አይታይም። በካርታ አጭር የሚመስለው መንገድ ጠዋት በሥራ መግቢያ ሰዓት ከቱሉ ዲምቱ ሳሪስ የመድረስ ያህል ሊያማርርዎ ይችላል።

እንዲያውም እኔ ብሆን የመጀመሪያውን ዓመት ከግቢው አጠገብ በጠባብ ቤት እኖር ነበር። የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ ማታ ቤተ መጻሕፍት ይቆያል፣ አማካሪው በድንገት ይጠራዋል፤ ልጅዎ ስትታመም ደግሞ በእግር የሚደርሱበት ቤት ከሰፊ ሳሎን ይበልጣል። ባለቤትዎ ሰፊውን ቤት መምረጣቸው የሚገባ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከልጅቱ ጋር ቤት የሚውሉት እሳቸው ከሆኑ ግን ድምፃቸው ከእርስዎ ድምፅ ሊበልጥ ይገባል፤ ከወሰናችሁ በኋላ ሳይሆን ከመወሰናችሁ በፊት።

አሁን ወደ ባቡሩ ልለፍ፤ ስለ ሕንድ ሲነሣ ከሁሉ በላይ የምናፍቀው እሱን ስለሆነ ትንሽ ብረዝም ይቅርታ ይደረግልኝ። የአገሪቱ የባቡር መስመር ከ65,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከለቡ ጣቢያ ወደ ጅቡቲ የሚሄደውን አንድ መስመር ብቻ ለምናውቅ ሰዎች ይህን ያህል መረብ ማሰብ ራሱ ይከብዳል። ትኬት ከጉዞው ከ60 ቀን በፊት ጀምሮ ይሸጣል፤ ለበዓላት ሰሞን በተከፈተ ዕለት ይሟጠጣል። ያላለቀለት ትኬት ሁለት ዓይነት ነው። ተጠባባቂ ተብሎ በኢንተርኔት የተቆረጠው ትኬት የመጨረሻው ዝርዝር ሲወጣ ቦታ ካላገኘ በራሱ ይሰረዝና ገንዘቡ ይመለሳል፤ ይህን ይዘው ባቡር ውስጥ መግባት አይቻልም። አርኤሲ የሚሉት ግን ያሳፍርዎታል፤ አንዱን የጎን መኝታ ከሌላ መንገደኛ ጋር ለሁለት ተቀምጠውበት ይሄዳሉ፣ ከተሳፋሪ የቀረ ሰው ካለ ሙሉ መኝታ ይሰጥዎታል። ከልጅ ጋር በአርኤሲ እንዲጓዙ አልመክርም።

በመኝታ ፉርጎ ውስጥ በአንድ ክፍል ስምንት መኝታ አለ፤ ስድስቱ ፊት ለፊት በሦስት ደርብ፣ ሁለቱ በመተላለፊያው ጎን ናቸው። የመካከለኛው መኝታ የሚዘረጋው ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ነው፤ ከዚያ ውጭ ሁሉም በታችኛው ላይ ተደርድሮ ስለሚቀመጥ የታችኛውን የያዘ ሰው «ቦታዬ ነው» ብሎ በቀን ተጋድሞ መዋል አይችልም። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ የራሱ መኝታ ካልተያዘለት በነፃ ይሄዳል፤ ልጅዎ ከእርስዎ ጋር የምትተኛ ከሆነ የታችኛውን መኝታ ይምረጡ። ለረጅም ጉዞ ባለ ሦስት ደርቡን የአየር ማቀዝቀዣ ያለውን ክፍል ይያዙ፤ ተራው የመኝታ ፉርጎ ርካሽና ጨዋታ የሞላበት ቢሆንም ሙቀቱና አቧራው ለሕፃን አይሆንም።

ያ ጨዋታ ግን የሚናቅ አይደለም። ምሳ የሚከፈተው በአንድ ጊዜ ነው፤ ያልያዘ ሰው ካለ ይካፈላል፤ ከየት እንደመጡ፣ ስንት ልጅ እንዳለዎት፣ ደመወዝዎ ስንት እንደሆነ ሳይቀር ይጠየቃሉ። በመጀመሪያ ያሳፍራል፤ ቆይቶ እርስዎም ይጠይቃሉ። በከተማው ውስጥ ዓይኑን የሚያፈጥብዎት ሰው በባቡር ውስጥ ብርቱካን ልጦ ይሰጥዎታል፤ ይህን ልዩነት እስካሁን ለራሴም አላስረዳሁትም።

ከሙምባይ ፑኔ በባቡር 192 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከካርጃት እስከ ሎናቭላ ባለው ዳገት ላይ ባቡሩን ከኋላ የሚገፉ ተጨማሪ ሞተሮች ይቀጠሉለታል። በክረምት ከተጓዙ በመስኮቱ በኩል ከገደሉ የሚወርደውን ፏፏቴ ያያሉ። ሙምባይ በደረሱ ዕለት ግን ከነሻንጣውና ከነልጁ በታክሲ በፈጣኑ መንገድ ይሂዱ፤ ባቡሩ አይጠፋም።

የሰበታው አባት

ልጄ፣ እኔ ተማሪም ነዋሪም አልነበርኩም፤ ባለቤቴን ለሕክምና ቼናይ አድርሼ ከሆስፒታሉ አቅራቢያ በእንግዳ ማረፊያ የሰነበትኩ ሰው ነኝ። ሁለት ነገር ብቻ ልበል።

የቢጫ ወባ ክትባት ካርድሽን ከፓስፖርትሽ ጋር አብረሽ ያዥ። ከኢትዮጵያ የሚሄድ ሰው ይጠየቃል፤ ክትባቱም የሚጸናው ከተወጋሽ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ለመጨረሻው ሳምንት አታቆዪው። ካርድ የሌለውን እስከ ስድስት ቀን ለይቶ የማቆየት ሥልጣን አላቸው።

ሁለተኛው የሰዓቱ ነገር ነው። የሕንድ ሰዓት ከእኛ በሁለት ሰዓት ተኩል ይቀድማል። እዚህ ቤተሰብ ከሥራ ገብቶ፣ እራት በልቶ፣ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ጨዋታ ሲጀምር እዚያ አምስት ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ ልጅሽ ተኝታለች፣ አንቺም ደክመሻል። እኛ ቤት ልጆቼ ሲደውሉ እናታቸው ሁልጊዜ እንቅልፍ ላይ ነበረች። በኋላ ጠዋት በመደወል አስተካከልነው፤ እዚያ ቁርስ ሲበላ እዚህ ገና ይነጋል፣ አዛውንት ደግሞ በማለዳ ይነሣል። እናት አባት ቤት ጥለሽ የምትሄጂ ከሆነ የምትደውዪበትን ሰዓት ከወዲሁ ተነጋገሩበት።

የኮየ ፈጬዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አባታችን እንደገመቱት እናቴ ኮየ ፈጬ ቤታችን ውስጥ ትቀራለች፤ ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ስማ ስለምትመለስ ያ ሰዓት በትክክል ይስማማናል። ባለቤቴ የለቡውን ወንድማችንን ጽሑፍ አንብቦ «ይኸው፣ ድምፄ ይበልጣል ተባለ» አለኝ፤ ክርክሩ እንደ አዲስ ተጀምሯል። ይሁንና ፎቶግራፍ አይተን ቀብድ እንዳንከፍል ተስማምተናል።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። ሕንዶች ሥጋ የማይበሉት ብዙዎች ስለሆኑ የጾም ነገር አያስቸግርም ይሉኛል። እንደዚያ ነው? እንጀራውስ?

ከቱሉ ዲምቱ

እንደዚያ አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የእነሱ ሥጋ አለመብላት ወተትን አይከለክልም። ምስሩ በቅቤ ይቆላል፣ አትክልቱ ውስጥ ፓኒር የሚሉት አይብ ይገባል፣ እርጎ ከማዕድ አይጠፋም፣ ጣፋጩ ሁሉ በወተት ነው። በታሸገ ምግብ ላይ የምታዪው አረንጓዴ ነጥብ ሥጋና እንቁላል እንደሌለበት ብቻ ይነግርሻል። ስለዚህ በዐቢይ ጾም ምግብ ቤት ስትገቢ ቅቤ፣ ወተት፣ እርጎና አይብ እንዳይገባበት አንድ በአንድ ቁጥረሽ ንገሪያቸው። በደቡብ ሕንድ ምግብ ቤቶች ዶሳና ኢድሊ ታገኛለሽ፤ ከሩዝና ከጥራጥሬ ተቦክተው የሚሠሩ ስለሆኑ ዶሳውን በዘይት እንዲጋገርልሽ ካዘዝሽ ለጾም ይሆናሉ። የፍስክ ጊዜ ደግሞ ክትፎ እንዳያምርሽ፤ በማሃራሽትራ ላም ማረድ ቀድሞውንም የተከለከለ ሲሆን፣ በሬ ማረድም እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በሕግ ተከልክሏል። ፍየልና ዶሮ በየሰፈሩ አለ።

እንጀራውን በተመለከተ፣ ይዘሽ የሄድሽው ጤፍ ማለቁ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ራጊ እያሉ የሚሸጡትን ዱቄት ግዢ። ራጊ የእኛው ዳጉሳ ነው፤ ከምሥራቅ አፍሪካ ደጋዎች ተነሥቶ በጥንት ዘመን ወደ ሕንድ የተሻገረ እህል ስለሆነ እንደ ባዕድ አትዪው። እኔ ከሩዝ ዱቄት ጋር ቀላቅዬ አቦካው ነበር፤ በዚያ ሙቀት ሊጡ ከአዲስ አበባው ይልቅ ቶሎ ስለሚነሣ እንዳይኮመጥጥብሽ ጠብቂው። የኤሌክትሪክ ምጣድሽን አትሸከሚ፤ ብዙ ኃይል ስለሚስብ የተከራየሽው ቤት መስመር ላይችለው ይችላል። የዶሳ መጋገሪያው ሰፊ ብረት ምጣድ አነስ ያለ እንጀራ ያወጣል። ከቅመማ ቅመም ነጭ አዝሙድን አጅዋይን፣ ጥቁር አዝሙድን ካሎንጂ፣ አብሽን ሜቲ ብለሽ ብትጠይቂ ከማንኛውም ሱቅ ታገኛለሽ። ሽምብራማ የትም ሞልቷል፤ ሕንድ በምርቱ ከዓለም አንደኛ ናት። በርበሬና ኮረሪማ ግን ከቤት ያዢ፤ የእነሱ ሄል የኮረሪማን ቦታ አይሞላም።

ቡናም ያዢ፣ ጥሬውን። መጀመሪያ ስቆላ ጢሱ ጎረቤት ያስቆጣል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ዕጣኑ ግን እነሱም በየጠዋቱ የሚያጤሱት ስለሆነ ማንም አልደነገጠም፣ እንዲያውም ፊት ለፊት ያለችው ሴትዮ ምን በዓል ነው ብላ መጣች። ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ እኛ ዘንድ ቡና፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር ደግሞ እሷ ዘንድ ሻይና የሽንኩርት ጥብስ ሆነ። ልጅሽን የሚያላምዳትም ይኸው ግቢው ነው፤ ፀሐይዋ በረድ ስትል ሕፃናቱ ሁሉ ይወርዳሉ፣ አያቶች አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላት በሂንዲ ትጣላለች። ወደ ዳሩ ያደላሁት በዋጋው ብቻ ሳይሆን በዚህም ነው፤ ተቋሙ አጠገብ ያሉት ሕንፃዎች ተማሪ የሚፈራረቅባቸው ስለሆኑ እንዲህ ያለ ጉርብትና እምብዛም አይታይባቸውም።

ቅዳሴን ካሰብሽ፣ ዋና መንበሩ በደቡብ ሕንድ በኬረላ ግዛት ኮታያም የሆነው የማላንካራ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ከእኛ ጋር በእምነት አንድ ነው፤ በጥር 1957 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተደረገው የኦሬንታል አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤም ተሳትፏል። በትልልቅ ከተሞች አጥቢያዎች አሉት። የቅዳሴው ቋንቋ የኬረላው ማላያላም ስለሆነ መጀመሪያ ዝም ብለሽ ትቆሚያለሽ፤ ነጠላ ለብሰሽ ከሄድሽ ከየት እንደመጣሽ የሚጠይቅሽ አታጪም።

የለቡው

አንድ ነገር ልጨምር፤ የጉዞውን ቀን ሲወስኑ ይጠቅምዎታል። የዝናቡ ወቅት እንደኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ ትምህርቱም የሚጀመረው በዚያው ውስጥ ስለሚሆን ቤት ፍለጋው በጃንጥላ ነው። ይህ አይክፋዎት፤ የሚያፈስ ጣሪያና ውሃ የሚተኛበት መንገድ የሚታወቀው ያኔ ነው። በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም አካባቢ ደግሞ የዝሆን ራስ ያለው የሂንዱዎች አምላክ የጋኔሽ በዓል አለ፤ ፑኔ በዚህ በዓል በጣም የታወቀች ናት። ምስሉ ወደ ውሃ በሚሸኝበት በመጨረሻው ቀን የመሃል ከተማው መንገዶች ተዘግተው ከበሮው እስከ ማግስቱ ይቀጥላል። ቀኑ በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ ይለዋወጣል፤ ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት የዘንድሮውን አይተው፣ ዕቃ ጭነው ቤት የሚገቡበት ቀን በዚያ ላይ እንዳይውል ያድርጉ።